ክፍት ሶፍትዌር፣ ዝግ ቢሮ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ ልጅ ነው። «ወንድም፣ የሊኑክስ ሲስተም አድሚን መሆን እፈልጋለሁ። የትኛውን ሰርተፍኬት ልውሰድ? የትኞቹን ትዕዛዞች ልሸምድድ?» ይላል። ከሥሩ ከኢንተርኔት የለቃቀማቸውን 14 ኮርሶች ደርድሯል።

በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ የጻፍኩትን አጠፋሁት። በዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ትልቁን ጥፋቴን ያጠፋሁት ትዕዛዝ ባለማወቄ አይደለም፤ ትዕዛዙን አሳምሬ አውቀው ነበር። ያጠፋሁት ትዕዛዙን ከሰጠሁ በኋላ ነው። ነገሩን እስከዛሬ በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ልናገረው። ለልጁ መልስ ይሆነዋል፤ ሰርቨር አይቶ ለማያውቅ አንባቢም ስለ መሥሪያ ቤቶቻችን የሚነግረው ነገር ያለ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ሥራውን ለማታውቁት። ሲስተም አድሚን ማለት ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ነው። ባንክ ገብታችሁ ገንዘብ ስታወጡ፣ ሆስፒታል ካርድ ስታስወጡ፣ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጡ ከጀርባ የሆነ ቦታ የሚሠራ ማሽን አለ። ያ ማሽን እንዳይሞላ፣ እንዳይዘረፍ፣ ሲወድቅም ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርግ ሰው አለ። ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን የዚህን ሰው መኖር ማንም አያስታውሰውም። ሲበላሽ ግን ስልኩ አያርፍም።

ከእነዚህ ማሽኖች እጅግ ብዙዎቹ የሚሠሩት ኦፕን ሶርስ በሆነ ሶፍትዌር ነው። በአማርኛ ክፍት ምንጭ እንለዋለን። የፕሮግራሙ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላው ያካፍለዋል። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ያኔ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 21 ዓመት። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ ውስጡ ሊኑክስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም የ500 ፈጣኖች ዝርዝር ውስጥ የገቡት ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሕንድ፣ ባንጋሎር ውስጥ በተወለደው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ምንጭ መድረክ ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ፍሬ ነው፤ እሱም ክፍት ነው። ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል። ሶፍትዌሩን የሚጠብቀው ሰው ግን በነጻ አይገኝም። ስለዚህ የዚህ ልጅ ጥያቄ የአንድ ሰው የሥራ ፍለጋ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ታሪኬ።

ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ አርብ። የምሠራበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ደንበኞች በየቀኑ ክፍያ የሚፈጽሙበት፣ ሒሳቡ ሁሉ በአንድ ሰርቨር የሚያዝ ቦታ ነው። ሰርቨሩ ኡቡንቱ፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ። ሁለቱም ክፍት ምንጭ። እኔም ሥራ ከያዝኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም፤ ግን ጥቁሩ ስክሪን ላይ በፍጥነት ስጽፍ የሚያየኝ ሁሉ ስለሚደነቅ ራሴን እንደ ትልቅ ባለሙያ እቆጥር ነበር።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ተረኛዋ ገንዘብ ያዥ ደወለች። «ሲስተሙ ቆሟል» አለችኝ። ገብቼ ሳይ ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቷል። ምን እንደሞላው ፈለግኩ። በዳታቤዙ ቤት ውስጥ «ፒጂ ኤክስሎግ» የሚባል ፎልደር አብጦ አገኘሁ። «ሎግ» የምትለዋን ቃል አየሁና ተረጋጋሁ። ሎግ ማለት ማሽኑ የዋለበትን የሚጽፍበት ማስታወሻ ነው፤ የቆየውን ብታጠፋው ጉዳት የለውም። አጠፋሁት። ዲስኩ ተነፈሰ። ዳታቤዙን አስነሳሁ።

አልተነሳም።

በኋላ እንደተማርኩት ያ ፎልደር የውሎ ማስታወሻ አልነበረም። ዳታቤዙ እያንዳንዱን ለውጥ ወደ ዋናው መዝገብ ከማስገባቱ በፊት መጀመሪያ የሚጽፍበት ቦታ ነው። እሱ ከሌለ ዳታቤዙ የት ጋ እንደቆመ አያውቅም። ለምን እንዳበጠም በኋላ ነው የገባኝ። ባካፕ የሚቀመጥበት ሌላኛው ዲስክ ከሳምንታት በፊት ሞልቷል። መዝገቡ ወደዚያ መሻገር አቃተውና እዚያው ተከማቸ። ማሽኑ «አቃተኝ፣ አቃተኝ» እያለ በትክክለኛው ሎግ ላይ ቀን ከሌት ሲጽፍ ከርሟል። አንድም ቀን ከፍቼ አላነበብኩትም።

ወደ ባካፑ ሮጥኩ። በየሌሊቱ የሚሠራው ስክሪፕት በየሌሊቱ ፋይል ፈጥሯል፤ የፋይሎቹ መጠን ግን ዜሮ ነው። ስማቸውና ቀናቸው ብቻ አለ። የቀረኝ ከ23 ቀን በፊት ለሙከራ ብዬ ላፕቶፔ ላይ የገለበጥኩት ቅጂ ነው። በሱ አስነሳሁት። የ23 ቀን ሥራ ግን ከወረቀት ደረሰኝ ላይ እንደገና መመዝገብ ነበረበት። ስድስት የመረጃ ጸሐፊዎች፣ ሦስቱ ልጅ ያላቸው እናቶች፣ ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ ቁጭ ብለው ሲያስገቡ ከረሙ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የዚህ ዓይነት ታሪክ አለው፤ የለኝም የሚል ካለ ወይ ገና ጀማሪ ነው ወይ አይናገርም።

ጥፋቱ የሚቀጥለው ነው። ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ጠራኝ። የጠየቀኝ «ምን ሆነ?» ብሎ አይደለም። «ማን ነው ያበላሸው?» አለኝ። አፌ ራሱ መለሰ፦ «መብራት ሲጠፋ ይመስለኛል፤ ጀነሬተሩ ቶሎ ስላልተነሳ ዲስኩ ተጎድቷል።» ከቢሮው ወጥቼ ወደ ሰርቨሩ ገባሁና የጻፍኳቸውን ትዕዛዞች የመዘገበውን ፋይል አጠፋሁት። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለተኛው ማጥፋቴ ነው። ይኼኛውን ግን ምን እንደሆነ አውቄ ነው ያጠፋሁት።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አዲስ ዩፒኤስ እንዲገዛ ወሰነ፤ ተገዛ። የጀነሬተሩ ኃላፊ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና የአሥር ቀን ደመወዝ ቅጣት ተወሰነባቸው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ደብዳቤውን ሲቀበሉ አየሁ። ምንም አላሉም። እኔም ምንም አላልኩም።

በውሸቴ የተጎዱት እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ራሱ ይበቃ ነበር። ግን አላበቃም። ከአምስት ወር በኋላ አንድ ቅርንጫፋችን ውስጥ ያለ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ሰርቨሩን የተከልኩለት እኔ ነኝ፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ለአንድ ገልብጬ። «ዲስኩ ሞልቶብኝ የድሮ ሎጎችን አጥፍቼ ነበር፤ አሁን ዳታቤዙ አልነሳ አለ» አለኝ። በየትኛው ፎልደር እንደገባ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ነሐሴ ላይ አንዲት ገጽ ማስታወሻ ጽፌ ልኬ ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ያን ሌሊት ባላየው ነበር። አዲሱ ዩፒኤስ ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ አረንጓዴ መብራቱን ያበራል። ስለ መብራት ዋሽቼ ስለነበር መሥሪያ ቤቱ ያልታመመውን አካል አከመ። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት ለካ ለመሥሪያ ቤትም ይሠራል።

በዚያው ወር፣ ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ በሌላው የዓለም ጥግ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ጊትላብ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ትልቅ ድርጅት ነው። አንድ ሠራተኛቸው ሲደክም አምሽቶ፣ ትርፍ የሆነውን ዳታቤዝ ያጸዳ መስሎት የዋናውን ማጥፋት ጀመረ። ወዲያው ደነገጠና አቆመው፤ ግን ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ብቻ ነው። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበራቸው፤ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። የአንደኛው ባካፕ በስሪት አለመጣጣም ምክንያት ሳይሠራ ከርሟል፤ ይህን የሚያስጠነቅቀው ኢሜይልም ተቀባዩ ሰርቨር እየመለሰው ማንም ጋ አልደረሰም። ያዳናቸው ያ ሠራተኛ ከስድስት ሰዓት በፊት ለራሱ ሥራ ብሎ በእጁ ያነሳው ቅጂ ነው። ወደ 5,000 የሚጠጉ ፕሮጀክቶች፣ ያህሉ አስተያየቶችና 700 ገደማ አዳዲስ የተጠቃሚ አካውንቶች ጠፍተዋል።

ታሪኩ የኔው ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እነሱ የሆነውን ሁሉ ለዓለም በተከፈተ ሰነድ ላይ በየደቂቃው ይጽፉ ነበር። የጥገናውን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፉት። ከዚያም ዝርዝር ሪፖርት አወጡ። በሪፖርቱ ውስጥ ሠራተኛው በስሙ አልተጠራም፤ «የቡድን አባል 1» ነው የሚለው። የሪፖርቱ ጥያቄ ማን አጠፋ አልነበረም፤ እንዲያጠፋ ያስቻለው ምንድን ነው፣ ባካፑስ ለምን ሳይሠራ ከረመ የሚል ነበር። ያን ሪፖርት ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳነበው በኀፍረት ፊቴ ጋለ።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2017፣ ሁለተኛ ትምህርት መጣልኝ። የፖስትግሬስ 10ኛ ስሪት ወጣ። በለውጦቹ ዝርዝር ውስጥ አንዷ ነጥብ እንዲህ የሚል ሐሳብ አላት፦ «ፒጂ ኤክስሎግ» የሚባለው ፎልደር ስሙ «ፒጂ ዋል» ተብሏል፤ ምክንያቱም «ሎግ» የሚለውን ስም አይተው አያስፈልግም ብለው የሚያጠፉት ተጠቃሚዎች አልፎ አልፎ አጋጥመዋል።

እስቲ አስቡት። እኔ ያጠፋሁትን ፎልደር በየአገሩ ስንቱ አጥፍቶታል! ልዩነቱ፣ ያጠፉት ሰዎች ተናግረዋል። ሠሪዎቹም «ሰነዱን ሳያነብ ያጠፋ የራሱ ጉዳይ ነው» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ይህን ያህል ሰው ከተሳሳተ ስሙ ራሱ አሳሳች ነው ብለው ስሙን ለወጡት። ነሐሴ 2008 ላይ ያ ፎልደር አዲሱን ስሙን ይዞ ቢሆን እኔ አላጠፋውም ነበር። የኦፕን ሶርስ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ኮዱ ክፍት መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ስህተቱም ክፍት ነው። እኛ ኮዱን አውርደን ተከልነው፤ ስህተትን በግልጽ የመናገሩን ልማድ ግን አላወረድነውም።

እንግዲህ ለልጁ የምመልሰው ከዚህ ይነሳል።

ሰርቲፊኬት አትውሰድ አልልህም። የሬድ ሃት ፈተና ለምሳሌ በተግባር ማሽን ላይ እየሠራህ የምትፈተነው ስለሆነ ያስተምርሃል። ግን ከሱ በፊት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ፈልግ። ዴቢያን ጫንበት፤ ነጻ ነው። ከዚያ እወቅ ብለህ አበላሸው። ዲስኩን ሆን ብለህ ሙላውና ምን እንደሚሆን ተመልከት። አንድ ፕሮግራም እየጻፈበት ያለን ትልቅ ፋይል አጥፋና ቦታው ለምን እንዳልተለቀቀ መርምር። ፋይሉ ጠፍቷል፣ ዲስኩ ግን ሙሉ ነው፤ ለምን? ይህን ለራስህ ስትመልስ 14 ኮርስ የማያስተምርህን ታውቃለህ። የፋይል ፈቃድ፣ ፕሮሰስ፣ ዲስክ፣ ኔትወርክ፣ ዲኤንኤስ፦ መሠረቱ ይህ ነው። ባሽና ጥቂት ፓይተን ጨምርበት። ሁለት ጊዜ በእጅህ የሠራኸውን ሦስተኛ ጊዜ በስክሪፕት ሥራው። አንሲብልና የመሳሰሉት ከዚያ በኋላ አይከብዱህም።

ማንበብ ተማር። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከማያቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ስህተት የሚያሳየውን መልእክት ሳያነቡ ይዘጉታል። ማሽኑ ምን እንዳመመው በግልጽ ጽፎልሃል። የእያንዳንዱ ትዕዛዝ መመሪያ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ተጽፎ አለ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። መስመር በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሰዓትም ማንበብ ተማር፤ እየቀለድኩ አይደለም። ብዙ ሰርቨሮች የሚጽፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ሎጉ ላይ 16:04 የሚል ካየህ፣ በምሥራቅ አፍሪካ አቆጣጠር 19:04፣ በኛ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው። ገንዘብ ያዧ «አንድ ሰዓት ላይ ቆመ» ስትልህ የቱን መስመር እንደምትፈልግ ካላወቅህ ሌሊቱን ሙሉ የተሳሳተ ገጽ ታገላብጣለህ።

ባካፕ አለኝ አትበል። ባካፕ የሚባለው መልሰህ ያስነሳኸው ብቻ ነው። በወር አንድ ቀን ያዝ፤ በዚያ ቀን ባካፑን ወስደህ ባዶ ማሽን ላይ አስነሳው፣ ቁጥሮቹን ከዋናው ጋር አመሳክር። የኔ ዜሮ ፋይሎች በየሌሊቱ ይወለዱ ነበር። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንጻው ውጭ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት የተተረተው ለኛ ሙያ ይመስለኛል።

ጻፍ። የሠራኸውን፣ የቀየርከውን፣ ለምን እንደቀየርከው ጻፍ። ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ «እሱ ከሌለ አይሠራም» የሚባል ሰው አለ። ፓስዎርዱ በጭንቅላቱ ነው፤ አሠራሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይህን እንደ ዋስትና የሚቆጥረው አለ፤ እኔም ቆጥሬዋለሁ። ግን ዋስትና አይደለም። ስትታመም የሚደወልልህ፣ ሠርግህ ላይ ላፕቶፕ የሚያስከፍትህ ሰንሰለት ነው።

አንድ ሰው ብቻውን ሲሸከም ምን እንደሚመጣ ዓለም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አይታለች። ኤክስዜድ የምትባል ፋይል የምታመቅ ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ በስንትና ስንት የሊኑክስ ማሽኖች ውስጥ ትገኛለች። የምትጠበቀው ደግሞ በትርፍ ሰዓቱ፣ ያለ ክፍያ በሚሠራ በአንድ የደከመው ሰው ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም የመጣ «ረዳት» ከሁለት ዓመት በላይ በትዕግሥት አግዞ አመኔታውን አገኘ፤ ከዚያ የጀርባ በር ቀበረበት። በሩ ቢያልፍ ኖሮ ባለቤቱ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሰርቨሮች ውስጥ እንዳሻው ይገባ ነበር። የያዘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የፖስትግሬስ ገንቢ ነው። ሌላ ነገር እየለካ ሳለ ወደ ሰርቨር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ! ብዙዎቻችን «ኔትወርክ ነው» ብለን የምናልፈውን እሱ ለምን ብሎ ተከተለው፤ ያገኘውንም መጋቢት 20 ለሁሉም በይፋ ጻፈ። ልጄ፣ የዚህ ሙያ ዋናው ችሎታ ምንድን ነው ብለህ ከጠየቅከኝ ይኸው ነው፦ ትንሿን ነገር ማስተዋል፣ ለምን ብሎ መከተል፣ ያገኙትን አለመደበቅ።

እስከዚህ ያለው ለልጁ ነው። የሚቀጥለው ለአለቆች ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ ቢማርና የናንተ ቢሮ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው ያበላሸው?» ከሆነ፣ በሦስት ወር ውስጥ መዋሸት ይማራል። ጎበዝ ከሆነ ደግሞ በደንብ ይዋሻል፤ ሎጉን ማጥፋት ያውቅበታላ። «ታዲያ ተጠያቂነት ይቅር ነው የምትለው?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አይደለም። መሳሳትና መደበቅ ይለያዩ ነው የምለው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎች የሠሩትን ስህተት ራሳቸው የሚያመለክቱበት፣ ስማቸው የሚጠበቅበት ሥርዓት አላቸው፤ የሚያስተዳድረው ናሳ ነው። ሆን ተብሎ የተደረገን ነገርና ወንጀልን አይሸፍንም፤ በቅንነት የተሳሳተ ግን ቶሎ ሲናገር ከቅጣት ከለላ ያገኛል። ይህን ያደረጉት ለአብራሪው አዝነው ብቻ አይደለም። ነገ የሚበረው አውሮፕላን በዚያው ስህተት እንዳይወድቅ ነው።

አገራችን መታወቂያዋን፣ ክፍያዋን፣ የጤና መዝገቧን ወደ ሰርቨር እያስገባች ነው። ዲጂታል ኢትዮጵያ ሲባል ብዙ ጊዜ የምናየው የምረቃ ሪባን ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ሌላ ነው። አንድ የአይቲ ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት አለቃው ቢሮ ገብቶ «አርብ ማታ እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ እንዲህ ነው የሆነው፤ እንዳይደገም ይህንና ይህን እናድርግ» ብሎ የሚወጣበት፣ ደብዳቤ የማይጠብቀው መሥሪያ ቤት ማየት እፈልጋለሁ። ያ ቀን እስኪመጣ ድረስ የምንተክላቸው ሰርቨሮች ሁሉ በዝምታ ላይ የቆሙ ናቸው።

ስለ ጋሼ ልጨርስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤታቸውን አፈላልጌ ሄድኩ። ጡረታ ወጥተዋል። ቡና ተፈላ። እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው፤ መብራት እንዳልጠፋ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ተነሥተው ገቡና ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዘው ወጡ። መብራት የጠፋበት ቀንና ሰዓት፣ ጀነሬተሩ የተነሳበት ደቂቃ፣ የተቀዳው ናፍጣ በሊትር፣ ሁሉም በእጃቸው ተጽፏል። ሲወጡ የቆዩ ደብተሮቻቸውን ይዘው ወጥተዋል።

ነሐሴ 2008 ያለበትን ገጽ ገለጡልኝ። ያን አርብ ማታ ምንም አልተጻፈም።

«አውቄ ነበር» አሉኝ። «ያን ቀን መብራት አልጠፋም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም ጋሼ?»

«ማን ጠየቀኝ? ኮሚቴው ደብተርህን አምጣ አላለኝም።»

ያ ሕንጻ ውስጥ ከነበርነው ሁሉ ትክክለኛው ሲስተም አድሚን እሳቸው ነበሩ። ሎግ ይይዙ ነበር፣ አያጠፉም ነበር። የአሥር ቀኑን ደመወዝ ልክፈል አልኳቸው፤ እምቢ አሉ። «ገንዘቡ ሄዷል። ያቺ ደብዳቤ ግን ከፋይሌ ብትወጣልኝ ደስ ይለኛል» አሉ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ጽፌ፣ ፈርሜ ለቀድሞው መሥሪያ ቤቴ አስገባሁ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጎ ቁጥር ሰጠኝ። መልስ እስከዛሬ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ የጡረተኛ ፋይል የሚከፈትበት አሠራር የለም ተብያለሁ። ሦስተኛ እሄዳለሁ።

ለልጁም ይህን ሁሉ ልኬለታለሁ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ነገ አሮጌ ላፕቶፕ ስትገዛ አንድ ደብተርም ግዛ።

ቸር እንሰንብት።